ከኒውፋውንድላንድ ዳርቻ የሚያልፉትን የበረዶ ተራሮች ለማየት መቼና የት እንሂድ?

ሰናይት_ካልጋሪ

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ካልጋሪ እኔ ጋ ናት። ሰሞኑን በቴሌቪዥን አንድ ትንሽ መንደር ፊት ለፊት ቤቶቹን ሁሉ የሚያሳንስ የበረዶ ተራራ ባሕር ላይ ቆሞ አየችና «ይኼንንማ በዓይኔ ሳላይ አገሬ አልመለስም» አለች። ቦታው በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለችው የኒውፋውንድላንድ ደሴት መሆኑን አጣርቻለሁ። ከዚህ ግን አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መብረር ነው፤ ወጪውም ቀላል አይደለም።

በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል? የትኛው ከተማ ብናርፍ? እናቴ 70 አልፏታል፣ ጉልበቷንም ያማታል። ጀልባ ላይ መውጣት የግድ ነው ወይስ ከየብስ ይታያል? እዚያ የምትኖሩ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሲግናል_ሂል_ሰፈር

እህቴ ሰናይት፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ለትምህርት የኒውፋውንድላንድ ዋና ከተማ ወደሆነችው ሴንት ጆንስ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ነኝ። ጸደይ ሲገባ ከሥራ በኋላ ባሕሩን ሳላይ ቤቴ አልገባም።

ጀልባ የግድ አይደለም። ይኼን ከሁሉ በፊት ልንገርሽ። እንዲያውም እኔ ከየብስ ማየትን ነው የምመርጠው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እጽፋለሁ።

ወሩን በተመለከተ፣ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጀመሪያ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። የበረዶ ተራሮቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚወርዱት። ስለዚህ ሰሜን ያሉት መንደሮች ረዘም ላለ ጊዜ ያያሉ። በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው ሴንት አንተኒ አንዳንድ ዓመት ጁላይ ውስጥም ታያለች። ትዊሊንጌትና ቦናቪስታ መሃል ላይ ናቸው። ሴንት ጆንስና ከእሷ በታች ያለው ዳርቻ ደግሞ ቶሎ ያልቅበታል።

አንድ ነገር ግን ማንም ቃል ሊገባልሽ አይችልም፤ ብዛቱን። ዓመቱ ከዓመት በጣም ይለያያል። ከ48ኛው የሰሜን ኬክሮስ መስመር አልፎ ወደ ደቡብ የወረደው በየዓመቱ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከ2,200 በላይ ተቆጠረ። በ2006 አንድም አልነበረም። በ2021 አንድ ብቻ። የሰሜኑ መንደሮች በእንዲህ ዓይነት ዓመትም ጥቂት ያያሉ፤ ደቡቡ ግን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት የዚያን ዓመት ካርታ እዪ። የካናዳ የበረዶ አገልግሎት በበረዶው ወቅት በየጊዜው እያደሰ ያወጣል። የክፍለ ሀገሩ ቱሪዝምም ሰዎች ያዩትን የሚመዘግቡበት ካርታ አለው።

ሌላው ነፋሱ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ በረዶውን ወደ ዳርቻው ይገፋዋል። ከምዕራብ ሲነፍስ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ትናንት አፍንጫችሁ ሥር የነበረው ዛሬ በአድማሱ ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ብላችሁ አትምጡ። ቢያንስ አምስት ስድስት ቀን ያዙ። ሰው የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ደርሶ እሑድ ሊመለስ ያቅድና ጉም ብቻ አይቶ ይሄዳል። ጉሙ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቀዝቃዛው የላብራዶር ሞገድና ሞቃቱ የገልፍ ሞገድ ከዚህ ደቡብ ምሥራቅ ላይ ስለሚገናኙ ባሕሩ ቀኑን ሙሉ ሊሸፈን ይችላል።

አሁን ከየብስ ስለማየት። በ2017 በፋሲካ ሰሞን ፌሪላንድ በምትባል ትንሽ መንደር ፊት አንድ ግዙፍ የበረዶ ተራራ መሬት ነክቶ ቆመ። ከውኃው በላይ ያለው ብቻ ወደ 46 ሜትር ተገምቷል፤ የአሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃ ያህል ማለት ነው። ከሴንት ጆንስ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በመኪና ተጨናነቀ። አያቶች በተሽከርካሪ ወንበር፣ ሕፃናት በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው መንገድ ዳር ቆመው ያዩት ነበር። ጀልባ የተሳፈረው ጥቂቱ ነው።

ከባሕሩ ዳር ስትቆሚ ጊዜ አለሽ። መጀመሪያ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል። ቁጭ ብለሽ ስትቆዪ ብርሃኑ ሲቀየር መልኩ ይቀየራል፤ ጠዋት ግራጫ የነበረው ማታ ሐምራዊ ይሆናል። ከሥሩ ሰማያዊ መስመሮች ይወጣሉ። ከዚያ ሳይታሰብ እንደ ጥይት ይጮኻል። አንድ ጎኑ ይረግፍና ባሕሩ ይናወጣል። ለእናትሽ የሚታጠፍ ወንበር፣ ብርድ ልብስና ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ያዢ። በእኔ እምነት ከየትኛውም የጀልባ ጉዞ ይበልጥባቸዋል።

የደሴው_መምህር

ሰላም ወገኖቼ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ዳርቻውን በአካል አላየሁትም። ነገሩን ግን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እናትሽ «ይኼ ሁሉ በረዶ ከየት መጣ?» ብለው መጠየቃቸው ስለማይቀር ልጨምር።

በኒውፋውንድላንድ ፊት የሚያልፉት አብዛኞቹ፣ ወደ 90 በመቶው፣ የሚመጡት ከግሪንላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ባሕር ላይ የረጋ ውኃ አይደሉም። በምድር ላይ በሺዎች ዓመታት የወረደ አመዳይ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተጫነ ጠንካራ የበረዶ ግግር ሆነ። ግግሩ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ወደ ባሕሩ ይንሸራተታል። ጫፉ ባሕር ሲደርስ እየተሰበረ ይወድቃል። ስለዚህ ጨው የለበትም። አንዳንዱ ከ10,000 ዓመት በፊት የወረደ አመዳይ ነው።

ከእነዚህ ግግሮች በጣም የታወቀው ኢሉሊሳት ከተማ አጠገብ ያለው ነው፤ ያኮብስሃቭን ይሉታል። ግግሩ የሚወርድበትን ጠባብ የባሕር ክንድ፣ ፊዮርዱን፣ ዩኔስኮ በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚያ የተሰበረው ቀጥታ ወደ ደቡብ አይመጣም። ሞገዱ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይወስደዋል፤ በባፊን ባሕረ ሰላጤ ዞሮ በካናዳ በኩል ይወርዳል። ከዚያ የላብራዶር ሞገድ ይቀበለዋል። ኒውፋውንድላንድ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። አብዛኛው በመንገድ ላይ ይሟሟል፤ እናንተ የምታዩት የተረፈውን ነው።

ነጭ የሚመስለው በውስጡ በታመቁት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ምክንያት ነው፤ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትኑታል። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውኃ አረፋ ሳይይዝ እንደገና የረጋባቸው ናቸው።

ቶሮንቶ_ሁለገብ

መምህር እናመሰግናለን። እኔ ግን በሲግናል ሂል ሰፈር ሐሳብ አልስማማም። ያን ያህል ርቀት ተጉዞ ከሩቅ ማየት ምንድነው? እኔ ዘንድሮ ካያክ የምትባለውን በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ ተከራይቼ ጠጋ ብዬ፣ ከተቻለም ጠርዙ ላይ ወጥቼ ፎቶ መነሣት ነው ያሰብኩት። ኢንተርኔት ላይ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ዘጠኝ አሥረኛው ከውኃ በታች ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

የደሴው_መምህር

ልጄ፣ እባክህ ይኼን አታድርግ። ለምን እንደሆነ ከራስህ ጥያቄ ተነሥቼ ላሳይህ።

አዎ፣ እውነት ነው። የግግር በረዶ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 900 ኪሎ ይመዝናል። የባሕር ውኃ ወደ 1,025። ስለዚህ ወደ ዘጠኝ አሥረኛው ይሰምጣል፣ አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ይታያል። አሁን አስብ። ውኃው የታችኛውን ክፍል ሌት ተቀን ያሟሟዋል፤ ፀሐይና ነፋስ የላዩን። ሁለቱ በእኩል አይሟሙም። ሚዛኑ ሲዛነፍ የበረዶው ተራራ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይገለበጣል። በመቶ ሺህ ቶን የሚቆጠር ነገር ሲዞር የሚያስነሣውን ማዕበል ካያክ አይችለውም። ከታች ጎኑ ውኃ ውስጥ ርቆ የወጣ መደብ ሊኖረው ይችላል፤ ሲገለበጥ አንተ ካለህበት ሥር ነው የሚነሣው።

ሲግናል_ሂል_ሰፈር

መምህር እንዳሉት ነው። እዚህ ጀልባ የሚነዱት የሚጠብቁት ደንብ አለ፤ የበረዶውን ርዝመት ያህል ወይም የቁመቱን እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ርቀት ያህል ይርቃሉ። ባሕሩ ላይ ያደጉ ሰዎች ናቸው ይኼን የሚያከብሩት። ጁን ላይ እንኳ ውኃው እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ የወደቀ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ እጅና እግሩን ማዘዝ ያቅተዋል። ወንድሜ፣ ካያክ ከፈለግክ ከአስጎብኚ ጋር ውጣና እሱ የሚልህን ስማ። ጠርዙ ላይ መውጣቱን ግን ከሐሳብህ አውጣ።

አልማዝ_ከሰሜን

ሰላም። እኔ በሰሜኑ ዳርቻ በአንድ ትንሽ መንደር የሸርጣን ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ሁላችሁም እንደ ጎብኚ ነው የጻፋችሁት። እዚህ የሚኖረው ሰው እንዴት እንደሚያየው ልንገራችሁ።

የሸርጣን ወቅትና የበረዶው ወቅት አንድ ላይ ነው የሚመጣው። አጥማጆቹ ወጥመዳቸውን በገመድ አያይዘው ወደ ባሕሩ ወለል ያወርዱታል። የበረዶ ተራራ ሲያልፍ ሥሩ ገመዱን ይጠልፍና ወጥመዱን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወደቡ ላይ ሰው ሲሰበሰብ ወሬው «ምን ያምራል!» አይደለም። «ማታ ወዴት ሄደ? ሥሩ ስንት ሜትር ይወርዳል?» ነው። ጥልቀት በሌለው ቦታ መሬት ከነካ ሳምንታት ይቆማል። ያን ጊዜ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ሰው ትንሽ ይረጋጋል። ከእሱ ይልቅ የሚፈራው ጠፍጣፋው የባሕር በረዶ ነው፤ ነፋስ ገፍቶት ወደቡን ሲዘጋው ጀልባ መውጣት አይችልም። ጀልባ ካልወጣ እኛም ፋብሪካ ውስጥ ሥራ የለንም።

እንዲያም ሆኖ ይወዱታል። አሮጊቶቹ መስኮታቸው ላይ ሆነው የዘንድሮውን ከአምናው ያወዳድራሉ። አንዱ ያየውን ሁሉ ስልክ እየደወለ ይናገራል። ዳር የወጣውን ስብርባሪ ልጆች ይለቅሙና ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ መጠጥ ውስጥ ይገባል። ሲሟሟ ችስስ ይላል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2 ቀን 1992 መንግሥት የኮድ ዓሣ ማጥመድን ሲዘጋ ወደ 30,000 ሰው ከሥራ ወጣ። ዓሣው አልቆ ነው። እገዳው የተነሣው በ2024 ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያ መሃል ብዙ ወጣት ወደ እናንተ ወደ አልበርታ ተሰደደ፣ ሰናይት። የቀሩት አንዳንዶቹ የዓሣ ጀልባቸውን የጎብኚ ጀልባ አደረጉት። ስለዚህ ስትመጡ ከመንደሩ ሰው ጋር እደሩ፣ ከመንደሩ ምግብ ቤት ብሉ። ገንዘቡ የሚደርሰው ለእነሱ ነው።

ሰናይት_ካልጋሪ

አልማዝዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ካልጋሪ የማውቃቸው ኒውፋውንድላንዶች አሉ፤ ለምን እንደመጡ አሁን ገባኝ። ችስስ የሚለው ምንድነው? መምህር፣ እርስዎ ያውቁ ይሆናል።

የደሴው_መምህር

ቅድም ያልኳቸው አረፋዎች ናቸው። በላያቸው በተጫነው በረዶ ክብደት ተጨምቀው የተዘጉ ስለሆኑ በረዶው ሲሟሟ አየሩ በግፊት ይወጣል። ከብርጭቆሽ የሚወጣው ከሺህ ዓመታት በፊት የነበረ አየር ነው። ሳይንቲስቶች ከግሪንላንድ ግግር እየቆፈሩ የጥንቱን አየር የሚመረምሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፉጀይራ_ነኝ

ሰላም ከኤምሬትስ። እኔ ያለሁበት ፉጀይራ ነው። በ2017 እዚህ ያለ አንድ ድርጅት ከአንታርክቲካ የበረዶ ተራራ ጎትቶ አምጥቶ ለመጠጥ ውኃ እናውለዋለን ብሎ ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም አወራንበት። ከኒውፋውንድላንዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው የምጠይቀው፤ የበረዶ ተራራ በእርግጥ ይጎተታል?

ገመድና_መርከብ

ይጎተታል፤ ግን በአጭር ርቀት ነው። ሥራዬ ከባሕር ዘይት ጋር የተያያዘ ስለሆነ እኔ ልመልስ።

ከሴንት ጆንስ በስተምሥራቅ 315 ኪሎ ሜትር ላይ ሃይበርኒያ የሚባል የነዳጅ ማውጫ አለ። ከ1997 ጀምሮ ያመርታል። የቆመው በበረዶ ተራሮች መተላለፊያ ላይ ስለሆነ ከሥሩ ግዙፍ የኮንክሪት ግንብ ነው፤ ዙሪያውን ጥርስ መሰል ጠርዞች አሉት፤ የሚመጣውን በረዶ እንዲቋቋም ተብሎ ነው። ከሌሎቹ የአካባቢው ማውጫዎች አንዳንዶቹ ግን መርከብ ናቸው፤ አደጋ ከመጣ ከጉድጓዱ ተላቅቀው ይሸሻሉ። ወደዚያ ከመደረሱ በፊት ግን የበረዶውን መንገድ ማስቀየር ይሞከራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መርከቧ የሚንሳፈፍ ወፍራም ገመድ ይዛ የበረዶውን ተራራ ትዞረዋለች። ሁለቱን ጫፍ ታገናኝና በጣም ቀስ ብላ ለሰዓታት ትስባለች። ዓላማው ወደ አንድ ቦታ መውሰድ አይደለም። አቅጣጫውን በጥቂት ዲግሪ ማዛወር ነው፤ ያቺ ጥቂት ዲግሪ ማውጫው ጋ ሲደርስ ኪሎ ሜትሮች ትሆናለች። ቶሎ ከተሳበ ገመዱ ይንሸራተታል ወይም በረዶው ይገለበጣል። ይኼ ሥራ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚህ ዳርቻ ሲሠራ የኖረ ነው።

ወደ ዓረብ አገር መጎተት ግን ሌላ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1977 አንድ የሳዑዲ ልዑል ያገዙት ዓለም አቀፍ ጉባኤ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ተደርጎበታል። ለማሳያ ከአላስካ የበረዶ ቁራጭ ሁሉ ተጭኖ መጥቶ ነበር። ችግሩ ግን አልተፈታም። በሞቃት ባሕር ላይ ወራት ሲጎተት ይሟሟል፣ ይሰነጠቃል። የተረፈው ቢደርስም ሥሩ በጣም ስለሚሰምጥ ወደ ዳር አይጠጋም። እስካሁን ፉጀይራ የደረሰ የለም።

ሲግናል_ሂል_ሰፈር

ውኃው ግን እዚህ ይሸጣል። ትንንሾቹን ስብርባሪ በመረብና በክሬን ጀልባ ላይ አውጥተው ያቀልጡና ለቢራና ለቮድካ ይጠቀሙበታል። በ2019 ፖርት ዩኒየን ከሚገኝ መጋዘን 30,000 ሊትር የበረዶ ተራራ ውኃ ተሰርቆ አገሩ ሁሉ ሲያወራ ነበር።

ገመድና መርከብ ስለ አደጋ ያነሣውን ልቀጥል። ታይታኒክ በ1912 ኤፕሪል 14 ሌሊት በረዶ የመታችው ከዚህ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ነው። ቦታው ከሮም ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ በረዶው ምን ያህል ወደ ደቡብ እንደሚወርድ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የእርዳታ ጥሪዋን ከተቀበሉት አንዱ የእኛው የኬፕ ሬስ ገመድ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነበር። ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ። የበረዶ ተራሮችን እየተከታተለ መርከቦችን የሚያስጠነቅቀው ዓለም አቀፉ የበረዶ ጥበቃ የተቋቋመው ከዚያ ወዲህ ነው። የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጥበቃ ይመራዋል፣ መርከብ የሚልኩ አገሮች ወጪውን ይጋራሉ። ቅድም የጻፍኩት የ48ኛው መስመር ቆጠራ የእነሱ ነው። በየዓመቱም ታይታኒክ በሰጠመችበት ባሕር ላይ የአበባ ጉንጉን ይጥላሉ።

ቶሮንቶ_ሁለገብ

ካያኩን ትቼዋለሁ፤ አመሰግናለሁ። ግን የዓለም ሙቀት እየጨመረ ከሆነ ግሪንላንድ የበለጠ ይሰበራል፣ እዚህም የሚመጣው ይበዛል ማለት ነው?

የደሴው_መምህር

ግሪንላንድ ላይ ያልከው ትክክል ነው። ያኮብስሃቭን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በጣም ሳስቷል፣ ፍጥነቱም ጨምሮ ነበር። ኒውፋውንድላንድ የሚደርሰው ግን ከዚያ ጋር አብሮ አይበዛም። ምክንያቱ የባሕሩ በረዶ ነው፤ አልማዝ ወደብ ይዘጋል ያለችው። ያ በረዶ በክረምት ዙሪያቸውን ሲከብ የማዕበሉን ጉልበት ይሰብርላቸዋል፣ ውኃውንም ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆያል። ክረምቱ ሞቅ ካለና የባሕር በረዶው ከሳሳ፣ ማዕበሉ የበረዶ ተራሮቹን ላብራዶር ሳያልፉ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ በአንድ ጸደይ ብዙ ወይም ጥቂት መጣ ብሎ ስለ ዓለም ሙቀት መደምደም አይቻልም።

ግሪንላንድ ላይ ግን የሚኖሩት ሰዎች ቅርብ ናቸው። በ2018 ጁላይ ኢናርሱት በምትባል የ169 ሰው መንደር ፊት ወደ 100 ሜትር የሚሆን የበረዶ ተራራ መጥቶ ቆመ። ቢሰበር ማዕበሉ ቤቶቹን እንዳይጠርግ ተብሎ ዳር ያሉት ወደ ላይ እንዲወጡ ተደረገ። በኋላ ነፋስና ሞገድ ወሰደው። እነዚያ ሰዎች ያንን ሌሊት እንዴት እንዳደሩ አስቡት።

አልማዝ_ከሰሜን

እኛም ጋ ሲሰበር ሌሊት ቤቱ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ መብረቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፤ ግን ሲጮህ አሁንም ልቤ ይመታል።

ሰናይት_ካልጋሪ

ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። «ዳር ቁጭ ብዬ ላየው ከቻልኩ ምን እፈልጋለሁ» አለች። የሜይን መጨረሻ ሳምንት አስቤያለሁ። ሴንት ጆንስ ወርደን ወደ ቦናቪስታና ትዊሊንጌት በመኪና ብንሄድስ? መንገዱ ለእሷ አይከብድም?

ሲግናል_ሂል_ሰፈር

ጥሩ አስበሻል። ከሴንት ጆንስ እስከ ቦናቪስታ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ትዊሊንጌት ወደ አምስት ሰዓት። በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ ቦናቪስታ እደሩ። ትዊሊንጌት ያለው የሎንግ ፖይንት መብራት ቤት ድረስ መኪና ይገባል፤ ብዙ ሳይራመዱ ባሕሩ ይታያቸዋል። ሴንት ጆንስ እያላችሁ ደግሞ ኬፕ ስፒር ሂዱ፤ ከከተማው ቅርብ ነው። ግሪንላንድን ሳንቆጥር የሰሜን አሜሪካ የመጨረሻው ምሥራቃዊ ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አውሮፓ ነው።

መኪናውን ዛሬውኑ ያዢ። በዚያ ሰሞን የኪራይ መኪና በጣም ይጠፋል። ከመሸ ደግሞ አትንጂ፤ ሙስ የሚባለው ትልቁ አጋዘን መንገድ ላይ ይወጣል፣ በጨለማ አይታይም፣ ብዙ ሰው ገድሏል። ጁን እንኳ ቢሆን ካፖርት፣ ኮፍያና ጓንት ያስፈልጋል። በረዶው አጠገብ ሲሆን ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ለእናትሽ ጋቢያቸውንም ያዢላቸው።

ቀኑን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊልኝ። ካርታውንና ነፋሱን አይቼ መጀመሪያ ወደየትኛው ዳርቻ እንደምትሄዱ እነግርሻለሁ።